ለመሸነፍ ፈቃድ ያለው ማን ነው?

ጥያቄህን ለሌሎች አንባቢዎች አሳጥሬ ላስቀምጥ። ዕድሜህ 21፣ ቁመትህ 1 ሜትር ከ94፣ ክብደትህ 102 ኪሎ ነው፤ ሦስት ዓመት በአማተር ከባድ ሚዛን ተወዳድረሃል፤ አሁን ወደ ፕሮፌሽናል ቦክስ ለመግባት ስታስብ፣ አራት ኪሎ አብረውህ ሻይ የሚጠጡ ጓደኞችህ ‹‹አትልፋ፤ በከባድ ሚዛን ቀበቶ የሚታጠቀው ችሎታ ያለው ሳይሆን ሰው ያለው ነው›› እያሉ አሳቅቀውሃል፤ ስለዚህ ‹‹ጋሼ፣ እውነት ነው ወይ?›› ብለህ ጠይቀኸኛል። ጋሼ ካልከኝ፣ አንተ ብልህ ቅር እንደማይልህ በማመን እመልሳለሁ። ከ25 ዓመት በላይ በስታዲየም አካባቢና በሌሎች የከተማችን ማሠልጠኛዎች አሠልጥኛለሁ፤ የአማተር ግጥሚያዎችን ዳኝቻለሁ፤ ውጭ አገር ለመፋለም የሄዱ ልጆችንም አጅቤ ከሪንጉ ጥግ ቆሜአለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጓደኞችህ ያሉት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የሳቱት ሰው ያለው ቦክሰኛ ከዚያ ሰው የሚያገኘው ጥቅም ምን እንደሆነ ነው። እነሱ ድል የሚያገኝ ይመስላቸዋል። በእኔ ግምት በከባድ ሚዛን ትውውቅ የሚያስገኘው ትልቁ ነገር የመሸነፍ ፈቃድ ነው፤ ማለትም ተሸንፎ፣ አንዳንዴም በዝረራ ወድቆ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና በትልቅ መድረክ ላይ የመቆም መብት። ሰው የሌለው ቦክሰኛ 15 ግጥሚያ ያለ ሽንፈት ሊሄድ ይችላል፤ በ16ኛው ሲወድቅ ግን ስልኩ መጥራት ያቆማል።

ነገሩ በሌሎች ሚዛኖችም አለ፤ በከባድ ሚዛን የሚብሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሚዛኑ ከ90.7 ኪሎ በላይ የሆነውን ሁሉ ይይዛል እንጂ ጣሪያ የለውም፤ 95 ኪሎ የሚመዝነው 125 ኪሎ ከሚመዝነው ጋር ይገጥማል፤ በዚህ ክብደት የተሰነዘረ አንድ ቡጢ ደግሞ አሥር ዙር ሙሉ በነጥብ ሲመራ የቆየውን ሰው ሊዘርር ይችላል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበትን ቦክሰኛ የያዘ ፕሮሞተር፣ ማለትም የግጥሚያ አዘጋጅ ነጋዴ፣ አደገኛ ተጋጣሚን ለማዘግየት የማያደርገው ነገር የለም። ሁለተኛው ምክንያት የሰው ማነስ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎበዝ ቦክሰኛ በየሰፈሩ ይገኛል፤ 100 ኪሎ ይዞ እግሩ የሚታዘዝለት ግን በአንድ አገር ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው።

ይህን ሁለተኛውን ምክንያት አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ 97 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አሠለጥን ነበር። እኩያው ስላልነበረ አንድ ዙር ከ71 ኪሎው፣ ቀጣዩን ዙር ከ75 ኪሎው ጋር እያፈራረቅሁ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) አሠራው ነበር፤ ለእሱ እጅ የሚበቃው ብቸኛ ጓንት ስፌቱ ተተርትሮ በነጭ ፕላስተር የተጠቀለለ ስለነበር፣ በየዙሩ መካከል ፕላስተሩን በጥርሱ እየጎተተ ያጠብቀው ነበር። ልጆቹ ፈጣኖች ቢሆኑም ሊያሳምሙት አልቻሉም። ባላሳመሙት ቁጥር ግራ እጁን ከአገጩ ዝቅ ማድረግ ለመደ፤ እኔ ብጮህበትም ሰውነቱ የሚሰማው ሕመምን እንጂ ጩኸትን አልነበረም። በውድድር ቀን በሚዛኑ የተመዘገበው እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘና አንድ ቡጢ ሳይሰነዝር ወርቅ አጠለቀ። ያቺ ዝቅ ያለች ግራ እጅ በኋላ በሌላ አገር ምን እንዳስከፈለችው ወደ ታች እነግርሃለሁ።

አሁን ‹‹ሰው›› የሚባለው በፕሮፌሽናል ቦክስ ምን እንደሆነ እንመልከት። እኛ ዘመድ ስንል አጎት፣ የአገር ልጅ፣ አብሮ አደግ ማለታችን ነው። እዚያ ግን ዝምድናው የውል ነው። አንድ የቦክስ ዝግጅት ሲሰናዳ ሁለት ዓይነት ቦክሰኛ ይኖራል፤ የቤት ልጅና እንግዳ ብለን እንጥራቸው። የቤት ልጁ ከፕሮሞተሩ ጋር የረዥም ጊዜ ውል ያለው፣ ፖስተሩ ላይ ፎቶው የሚወጣ፣ ቲኬት የሚሸጥለት ነው፤ እንግዳው በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ተጠርቶ ክፍያውን ተቀብሎ የሚመለስ ነው። ተጋጣሚ የሚመርጠው ሠራተኛ ደመወዙን የሚበላው የቤት ልጁ እየተማረ እንዲያሸንፍ አድርጎ እንግዳ በመምረጥ ነው፤ በጣም ከቀለለ ተመልካች ይሰለቻል፣ በጣም ከከበደ ንብረቱ ይሰበራል። 25 ለ 0 የሚል ውጤት ስታይ ‹‹ማንን አሸንፎ?›› ብለህ ጠይቅ። ማይክ ታይሰን ከእስር ወጥቶ በነሐሴ 1995 የገጠመው ፒተር ማክኒሊ 36 አሸንፎ 1 ብቻ የተሸነፈ ነበር፤ ከእነዚያ ድሎች አብዛኞቹ የተገኙት መሸነፍ ሥራቸው ከሆነ ሰዎች ነው። ግጥሚያው 89 ሰከንድ ፈጀ፤ ያስቆመውም ሪንግ ውስጥ ዘሎ የገባው የራሱ ማናጀር ነበር።

ከፕሮሞተሩ በላይ ቀበቶ የሚሰጡት አራት ድርጅቶች አሉ። የዓለም ቦክስ ማኅበር በ1921 በሌላ ስም ተመሥርቶ በ1962 የአሁኑን ስም ያዘ፤ የዓለም ቦክስ ምክር ቤት በ1963፣ ዓለም አቀፍ የቦክስ ፌዴሬሽን በ1983፣ የዓለም ቦክስ ድርጅት በ1988 ተቋቋሙ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የተፎካካሪዎች ደረጃ ያወጣሉ፤ ከደረጃው ውጭ የሆነ ሰው ለቀበቶ አይገጥምም፤ ድርጅቶቹም ለቀበቶ ከሚደረገው ፍልሚያ የቦክሰኞቹ ክፍያ ላይ ብዙውን ጊዜ 3 በመቶ ይወስዳሉ። ልብ በል፤ ደረጃ የሚያወጣው አካል ገቢው የሚያድገው ብዙ ገንዘብ የሚያስገቡ ሰዎች ደረጃ ውስጥ ሲገቡ ነው። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ወደ ወንጀል የሚወስደው መንገድ ግን አጭር ነው።

የተወሰደበትም ጊዜ አለ። ጆርጅ ፎርማን በ45 ዓመቱ፣ በኅዳር 1994፣ ማይክል ሙረርን ዘርሮ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ቀለል ያለ ተጋጣሚ ተፈለገለትና አክሰል ሹልትዝ የሚባል ጀርመናዊ ተመረጠ፤ ችግሩ ሹልትዝ በዓለም አቀፍ የቦክስ ፌዴሬሽን ደረጃ ውስጥ አልነበረም። ፕሮሞተሩ ቦብ አረም ግጥሚያው እንዲጸድቅ 100,000 ዶላር መክፈሉን በኋላ በፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሮበርት ሊ በ1999 ተከሶ፣ ከብዙዎቹ ክሶች ነጻ ቢወጣም በቀሩት ጥፋተኛ ተብሎ 22 ወር ተፈረደበት። ስለዚህ ጓደኞችህ ‹‹ደረጃ ይሸጣል›› ቢሉህ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ መሸጡ በፍርድ ቤት መዝገብ የሰፈረ ነገር ነው። ታዲያ በዚያ ሁሉ ገንዘብ የተገዛው ሹልትዝ በሚያዝያ 1995 ፎርማንን እስከ መጨረሻው ዙር አስጨንቆት፣ ብዙ ተመልካች ያሸነፈው ሹልትዝ ነው እስኪል ድረስ አደረሰው። የተገዛው እንግዳ የቤት ልጁን ሊያሳፍረው ምንም አልቀረውም ነበር።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚስማማውን ታሪክ ለማግኘት ግን ወደ 1935 መመለስ አለብን፤ እግረ መንገዱን ከእኛም ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ፕሪሞ ካርኔራ የሚባል፣ 118 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ግዙፍ ጣሊያናዊ በአሜሪካ ወንበዴዎች እጅ ወድቆ፣ ብዙዎቹ ግጥሚያዎቹ ተደራድረው ያለቁ ናቸው እየተባለ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ በ1933 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጓደኞችህ የሚሉት ዓይነት ሰው ቢኖር እሱ ነው። ቀበቶው ከእጁ የቆየው አንድ ዓመት ያህል ነው፤ በሰኔ 1934 ማክስ ቤር አሥር ጊዜ ያህል ከወለሉ ጋር አገናኝቶ ወሰደበት። ከዚያ በሰኔ 25 ቀን 1935፣ ጣሊያን አገራችንን ከመውረሯ ሦስት ወር ሲቀር፣ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከጆ ሉዊስ ጋር ቀረበ። ጥቁር አሜሪካውያን ያንን ፍልሚያ የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርገው ነበር ያዩት። ሉዊስ ያን ጊዜ ልክ እንዳንተ 21 ዓመቱ ሲሆን፣ ከካርኔራ 29 ኪሎ ያህል ይቀል ነበር፤ በስድስተኛው ዙር ጨረሰው። ካርኔራ በቦክስ ካስገባው ገንዘብ አብዛኛውን ሲበሉት የነበሩት ‹‹ሰዎቹ›› ናቸው።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆምና ‹‹ችሎታ አሸነፈ›› ይላል። እኔ የምፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሉዊስ በሰኔ 1936 በጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ተዘረረ። በወረፋ ቢሆን ሻምፒዮኑን ጂም ብራዶክን መግጠም የሚገባው ሽሜሊንግ ነበር። ነገር ግን የሉዊስ ፕሮሞተር ማይክ ጄኮብስ ከብራዶክ ማናጀር ጋር ተደራድሮ፣ ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ከከባድ ሚዛን የሻምፒዮና ዝግጅቶቹ ትርፍ 10 በመቶ ለብራዶክ ወገን ሊከፍል ተስማማና የተሸነፈው ሉዊስ አሸናፊውን ቀድሞ ለቀበቶ ቀረበ። በእርግጥ ናዚዎች ቀበቶውን ይዘው ይቀራሉ የሚለው ሥጋትም ለሽሜሊንግ መዘለል ምክንያት ነበር። በሰኔ 22 ቀን 1937 ሉዊስ ሻምፒዮን ሆነ፤ ልክ በዓመቱ ሽሜሊንግን በ124 ሰከንድ ዘረረው። እንግዲህ በከባድ ሚዛን ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ሰው እንኳ ወደ ወንበሩ የወጣው ሽንፈቱን የሚያስረሳለት ሰው ስለነበረው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሃሪ ዊልስ እንዲህ ያለ ሰው አላገኘም፤ በ1920ዎቹ ለዓመታት የሻምፒዮኑ የጃክ ዴምፕሲ ዋነኛ ተፎካካሪ ሆኖ ሳለ፣ ጥቁር በመሆኑ አንድ ቀን እንኳ ለቀበቶ ሳይገጥም ዕድሜው አለፈ። ከጥቁሩ ሻምፒዮን ከጃክ ጆንሰን የ1915 ሽንፈት እስከ ሉዊስ ድረስ 22 ዓመት ሙሉ አንድም ጥቁር ለከባድ ሚዛን ቀበቶ አልቀረበም። ያ ከትውውቅ ያለፈ ግፍ ስለሆነ ከዚህ ጥያቄ ጋር አልቀላቅለውም።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ ነገሩ ‹‹ሰው አለው፣ ሰው የለውም›› ከሚለው ይልቅ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም የአንዱ ቤት ልጅ በሌላው ቤት እንግዳ ነው። ዲሊያን ዋይት በእንግሊዝ ከታወቁት ፕሮሞተሮች ከአንዱ ጋር ይሠራ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዓለም ቦክስ ምክር ቤት ደረጃ አንደኛ ሆኖ ከ1,000 ቀናት በላይ ጠበቀ። ሻምፒዮኑ ዴዮንቴ ዋይልደር ከሌላ ቤትና ከሌላ ቴሌቪዥን ጋር ነበር የሚሠራው፤ ድርጅቱም ሊያስገድደው አልቸኮለም። ዋይት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ስላልቻለ እየተጋጠመ ቆየ፤ በነሐሴ 2020 በአሌክሳንደር ፖቬትኪን አንድ ቡጢ በአምስተኛው ዙር ተዘረረና ወረፋውን አጣ። በመልሱ ግጥሚያ አሸንፎ ወረፋውን መልሶ አገኘ። በጥር 2022፣ ቀበቶውን ከዋይልደር በወሰደው በታይሰን ፉሪና በዋይት መካከል የሚደረገውን ፍልሚያ የማዘጋጀት መብት ለጨረታ ሲቀርብ 41,025,000 ዶላር ወጣለት። ለአሸናፊው ከተያዘው 10 በመቶ ውጭ፣ ለሻምፒዮኑ 80 ለተፎካካሪው 20 በሆነ ክፍፍል፣ የዋይት ድርሻ 7.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ፤ በሚያዝያም በዌምብሌይ በስድስተኛው ዙር ተሸነፈ። ዋይት በወጣትነቱ ጉልበት ቢቀርብ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም ሊመልስ አይችልም። የቤቶች ጠብ የሚበላው የቦክሰኛን ዕድሜ መሆኑን ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ዳኝነትን በተመለከተ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ስለሆነ እንጂ ትልቁ በር እሱ አይደለም። በመጋቢት 1999 ሌኖክስ ሉዊስ ኢቫንደር ሆሊፊልድን 348 ጊዜ መትቶ 130 ጊዜ ብቻ ሲመታ፣ አንዷ ዳኛ ለሆሊፊልድ 115 ለ113 ሰጥታ፣ ሌላው አቻ ብሎ፣ ግጥሚያው በአቻ ተጠናቀቀ። እኔም ራሴ በአማተር ዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሕተት ስለማውቅ ዳኛን ለመኮነን አልፈጥንም፤ ያቺ ዳኛ ለሆሊፊልድ የሰጠችውን አምስተኛ ዙር ግን አሁንም ስመለከተው ያሳፍረኛል። ሉዊስ ከስምንት ወር በኋላ በድጋሚ ገጥሞ በሙሉ ድምፅ አሸነፈ። በሰፈር አዳራሽ የተዘረፈ እንግዳ ግን ድጋሚ የሚባል ነገር አያገኝም።

ሁልጊዜ ሰው ያለው ያሸንፋል ለሚሉህ የቶኪዮን የካቲት 11 ቀን 1990 ንገራቸው። በስተር ዳግላስ በ42 ለ1 ውርርድ ገብቶ ታይሰንን በአሥረኛው ዙር ዘረረው። ያን ቀን ማታ የታይሰን ፕሮሞተር ዶን ኪንግ፣ በስምንተኛው ዙር ዳግላስ ሲወድቅ የመሀል ዳኛው ቀስ ብሎ ቆጥሯል ብሎ አመለከተ፤ የዓለም ቦክስ ማኅበርና የዓለም ቦክስ ምክር ቤት ውጤቱን ለጊዜው አንቀበልም አሉ። የዓለም ሕዝብ ሲጮህባቸው በቀናት ውስጥ አቋማቸውን ለወጡ። ትውውቅ እስከዚያ ድረስ ሊደፍር ይችላል፤ ነገር ግን መላው ዓለም በዓይኑ ያየውን ዝረራ መሰረዝ አልቻለም። አንዲ ሩዪዝም በ2019 የመጀመሪያው ተጋጣሚ በተከለከለ ንጥረ ነገር ሲታገድ፣ ለፕሮሞተሩ ለኤዲ ኸርን በኢንስታግራም መልእክት ልኮ ቦታውን ጠየቀ፤ በሰኔ 1 ቀን በኒው ዮርክ አንቶኒ ጆሹዋን አራት ጊዜ ጥሎ በሰባተኛው ዙር አሸነፈው።

እዚህ ላይ ስለ መሸነፍ ፈቃድ የተናገርኩትን አስታውስ። ጆሹዋ ውሉ ውስጥ የድጋሚ ግጥሚያ አንቀጽ ነበረው፤ ስድስት ወር ጥቂት እንዳለፈ በሳዑዲ አረቢያ ድርዒያ ቀበቶዎቹን መልሶ ወሰደ፤ ሩዪዝ በበኩሉ 128 ኪሎ ሆኖ ነበር የመጣው። ጆሹዋ በ2021ና በ2022 በኦሌክሳንደር ኡሲክ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ፣ በመስከረም 2024 እንደገና ለዓለም ቀበቶ በዌምብሌይ ቀረበ፤ በዳንኤል ዱቧ በአምስተኛው ዙር ተዘረረ። ጆሹዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው፣ ጥሩ ቦክሰኛ ነው፤ አላቃልለውም። ከእሱ ጋር ግን ኮንጓዊውን ማርቲን ባኮሌን አነጻጽር። በነሐሴ 2024 ያልተሸነፈውን ጃሬድ አንደርሰንን በአምስተኛው ዙር ያስቆመ ሰው ነው። በየካቲት 2025 ዱቧ ታሞ ሲቀር ባኮሌ ከኮንጎ ተጠርቶ፣ በፍልሚያው ዕለት ሌሊት ሪያድ ደርሶ፣ 143 ኪሎ ያህል ይዞ፣ በዚያው ምሽት ከጆሴፍ ፓርከር ጋር ገጠመ፤ በሁለተኛው ዙር ተሸነፈ። ለምን ተቀበለ የሚሉ ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ እንዲህ ያለ ስልክ ሁለት ጊዜ እንደማይደወል የሚያውቅ ሰው እምቢ ለማለት ይቸገራል።

የፍራንሲስ ንጋኑ ነገር ደግሞ ለብቻው ያስቃል። ካሜሩናዊው ንጋኑ በሌላ ስፖርት ስሙን ይዞ በጥቅምት 2023 በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን ፕሮፌሽናል የቦክስ ግጥሚያ ከሻምፒዮኑ ከፉሪ ጋር አደረገ፤ በሦስተኛው ዙር ጣለው፣ በተከፋፈለ ድምፅ ተሸነፈ። የዓለም ቦክስ ምክር ቤት አንድ ገጥሞ አንድ የተሸነፈውን ሰው በከባድ ሚዛን 10ኛ ደረጃ ላይ አስቀመጠው። ስም ራሱ ዘመድ ነው።

ቃል ወደ ገባሁልህ ልጅ ልመለስ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፒያሳ በሚገኝ ካፌ ቀጠረኝና 11 ገጽ የእንግሊዝኛ ውል ማኪያቶው አጠገብ ዘረጋ። እስከ ማታ ፈርሞ እንዲልክ ተነግሮት ነበር። እኔ ከጃኬቴ እስክሪብቶ አውጥቼ ሦስት ቦታ አከበብኩለት። አንደኛው፣ ውሉ የአራት ዓመት ሆኖ ደረጃ ውስጥ ከገባ በራሱ ጊዜ እንደሚራዘም የሚለው ነው፤ ማለትም ባሸነፈ ቁጥር ይታሰራል። ሁለተኛው፣ ፕሮሞተሩ በዓመት አራት ግጥሚያ ‹‹ያቀርባል›› የሚለው ነው፤ ማቅረብና ማጋጠም አንድ አይደሉም፤ በአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ የመጣውን እምቢ ቢል እንኳ እንደቀረበ ይቆጠርበታል። ሦስተኛው፣ ማናጀሩና ፕሮሞተሩ አንድ አድራሻ ነበራቸው። ማናጀር የሚከፈለው የቦክሰኛውን ጥቅም ከፕሮሞተሩ ለመከላከል ነው፤ ሁለቱ አንድ ከሆኑ ግን ከማን ይከላከልለታል?

ይህ ሦስተኛው አዲስ በሽታ አይደለም። ቲም ዊዘርስፑን በ1986 ዌምብሌይ ላይ ፍራንክ ብሩኖን አሸንፎ ቀበቶውን ሲያስጠብቅ ፕሮሞተሩ ዶን ኪንግ፣ ማናጀሩ ደግሞ የኪንግ የእንጀራ ልጅ ካርል ኪንግ ነበር፤ ሁሉም ከተቀናነሰ በኋላ ለሻምፒዮኑ የደረሰው 90,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የተሸነፈው ብሩኖ ያገኘው የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። ዊዘርስፑን ከዓመታት ክርክር በኋላ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተቀብሎ በስምምነት ጨረሰ። አሜሪካ በ2000 በሙሐመድ አሊ ስም ባወጣችው ሕግ ፕሮሞተርና ማናጀር የገንዘብ ጥቅም እንዳይጋሩ ከልክላለች። የልጁ ውል ግን ይህ ሕግ በማይሠራበት አገር የሚፈጸም ነበር።

ልጁ ፈረመ። አልፈረድኩበትም፤ በኪሱ የታክሲ እንኳ ያልነበረው ሰው ነው። በ14 ወር ውስጥ አምስት ጊዜ በሰው ከተማ ገጥሞ አራቱን ተሸነፈ፤ ሁለቱ ሽንፈቶች ከዚያች ዝቅ ያለች ግራ እጅ በላይ በገባ ቀኝ ቡጢ የመጡ ናቸው። የተላከልኝን ቪዲዮ በስልኬ ስመለከት፣ አስተዋዋቂው የልጁን ስም ሁለት ጊዜ በሁለት ዓይነት መንገድ አሳሳተው። ያ ድርጅት ሰው አገኘሁ ብሎ የሄደውን ልጅ ለእንግድነት ነበር የፈለገው። ልጁም ‹‹ሰው አገኘሁ›› ሲል እውነቱን ነበር፤ የማን ሰው እንደሆነ አልጠየቀም እንጂ።

እንግዲህ አንተ ምን ታድርግ? ሰው የሌለው ቦክሰኛ ያለ ሰው የሚሻገርባቸው ድልድዮች ሁለት ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ አንዱ የአማተር ሜዳሊያ፣ ሌላው ማንም ማንንም መዝለል የማይችልበት የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። ዋይልደር በ20 ዓመቱ ጓንት አጥልቆ በሦስት ዓመት ውስጥ በቤጂንግ 2008 ነሐስ ያገኘ ሰው ነው፤ ፕሮሞተሮች የፈለጉት ከዚያ በኋላ ነው። ኡሲክ በለንደን 2012 ወርቅ አገኘ፤ ከዚያ ከከባድ ሚዛን በታች ባለው ሚዛን በጥሎ ማለፍ ውድድር በሪጋ ማይሪስ ብሪየዲስን፣ በሐምሌ 2018 በሞስኮ ሙራት ጋሲየቭን በየአገራቸው አሸንፎ አራቱንም ቀበቶ ሰበሰበ። ወደ ከባድ ሚዛን ሲወጣ በዓለም ቦክስ ድርጅት ደንብ መሠረት፣ በታችኛው ሚዛን የነበረው ማዕረግ በቀጥታ ሻምፒዮኑ የግድ ሊገጥመው የሚገባ ተፎካካሪ አደረገው፤ ጆሹዋም ሊሸሸው አልቻለም። በግንቦት 2024 ፉሪን አሸንፎ፣ ከሌኖክስ ሉዊስ ወዲህ የመጀመሪያው ያልተከፋፈለ፣ ማለትም ዋና ዋናዎቹን ቀበቶዎች በአንድ ጊዜ የያዘ፣ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ኡሲክም ማናጀርና ፕሮሞተር ነበረው፤ ብቻውን አልሄደም። ነገር ግን የመሸነፍ ፈቃዱን ከማንም ሳይጠይቅ የሄደ፣ በዚህ ዘመን እኔ የማውቀው ብቸኛው የከባድ ሚዛን ሰው እሱ ነው፤ በፕሮፌሽናልነት አንድ ጊዜ እንኳ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ ያ መንገድ በየትኛው ከተማ ላይ ይቆም እንደነበር አስበው።

ለአንተ 21 ዓመት በዚህ ሚዛን ገና ነው፤ ከባድ ሚዛኖች ዘግይተው ነው የሚበስሉት። ፕሮፌሽናሉን ሁለትና ሦስት ዓመት አቆየውና በአህጉር ደረጃ በአማተርነት ውጣ፤ ቦክስ በሎስ አንጀለስ 2028 ኦሊምፒክ ውስጥ እንዲቀጥል ተወስኗል። ውል ከመጣልህ ሦስቱን ነገሮች፣ ማለትም በምን እንደሚራዘም፣ ‹‹ማቅረብ›› ምን ማለት እንደሆነና ማናጀሩ ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ፣ ሳታጣራ እስክሪብቶ አታንሳ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የሚያሳምምህ የልምምድ ጓደኛ ያስፈልግሃል። እኔ ዘንድ ከአሰላ የመጣ አንድ 99 ኪሎ የሆነ ልጅ አለ፤ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ አንድ ዙር ከ75 ኪሎው፣ አንድ ዙር ከ71 ኪሎው ጋር ነበር የሚሠራው። ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ሩጫ ይጀምራል፤ ጥርስ መከላከያህን ይዘህ ና፤ ጓንት አለ፣ ፕላስተሩን ግን ገዝተህ ና።